በረድፍ መሐል ለሚያልፍ ሞተረኛ ግልጽ ደንብ እንዲወጣ የቀረበ አቤቱታ

ለአዲስ አበባ ከተማ የመንገድና የትራፊክ ጉዳይ ኃላፊዎች
ባሉበት

ጉዳዩ፦ መንገድ ሲጨናነቅ ሞተር ሳይክል በረድፎች መሐል በዝግታ የሚያልፍበት ግልጽ ደንብ እንዲወጣልን ስለ መጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

እኛ አመልካቾች በአዲስ አበባ በሞተር ሳይክል ምግብ፣ ዕቃና ሰነድ እያደረስን ቤተሰብ የምናስተዳድር ሠራተኞች ነን። ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነውና አቤቱታችንን ከመነሻው እንድናስረዳ እንዲፈቀድልን በትሕትና እንጠይቃለን።

በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት፣ ከሳሪስ ወደ ጎተራ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ ሜክሲኮ የሚወስዱት መንገዶች ሲዘጉ ሞተረኛው ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ወይ እንደ መኪናው ረድፉን ይዞ ይቆማል፤ ወይ በሁለት ረድፎች መሐል ባለው ክፍተት ወደ ፊት ያልፋል። ሁለተኛውን የሚመርጠው ከጥድፊያ የተነሣ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ቆሞ መጠበቅም ግን ለእኛ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። መኪና ከኋላ ሲገጭ መጀመሪያ የሚጨማደደው ቆርቆሮው ነው፤ ሞተር ከኋላ ሲገጭ ግን መጀመሪያ የሚመታው የሰው አካል ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን የበጠሰ አይሱዙ ወይም ሲኖትራክ ከኋላ ቢመጣ፣ ከፊት ከቆመው አውቶብስ ጋር የሚጣበቀው መሐላቸው ያለው ሞተረኛ ነው።

ይህን የምንለው ከራሳችን ስጋት ተነሥተን ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ አደጋ የደረሰባቸውን ወደ 6,000 የሚጠጉ ሞተረኞች ጉዳይ መርምረዋል። በረድፍ መሐል ሲያልፉ አደጋ ከደረሰባቸው ውስጥ ከኋላ የተገጩት 2.6 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ መካከል ግን 4.6 በመቶ ነበሩ። የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸውም በቅደም ተከተል 9 እና 17 በመቶ ናቸው። በረድፍ መሐል ያልፉ የነበሩት የተሻለ ሄልሜት የሚያደርጉና ጠጥተው የማሽከርከር ነገርም ያነሰባቸው መሆኑን ጥናቱ አልሸሸገም። ልቅ ፈቃድም አልሰጠም፦ ሞተረኛው በዙሪያው ካሉት መኪኖች ፍጥነት በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር በላይ በልጦ ሲያልፍ የጉዳቱ መጠን እንደሚጨምር ተመራማሪዎቹ አሳይተዋል። እኛም ክርክራችን በዚሁ ላይ ነው። በዝግታ ማለፍና በፍጥነት መሹለክለክ አንድ ተደርገው ሊታዩ አይገባም።

ልዩነቱን በሜትር ማሳየት ይቻላል። ሞተረኛ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ በ30 ደግሞ ከ8 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ በ20 ግን 5 ሜትር ተኩል ያህል ነው። አንድ ሰከንድ፣ አደጋውን ዓይን አይቶ እጅ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ የሚያልፍ ጊዜ ነው። በ60 የሚነዳው ፍሬን ከመንካቱ በፊት ከሦስት ሚኒባሶች የሚበልጥ ርዝመት ያልፋል። በዚያ ርቀት ውስጥ መሐል መንገድ ላይ የሚወርድ ተሳፋሪ፣ በመኪኖች መካከል ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጥ ልጅ፣ ወይም ልጇን አዝላ የምትሻገር እናት ልትኖር ትችላለች። ሲኖትራክ እኛን እንደሚያሰጋን ሁሉ እኛም ለእነዚህ ወገኖች ስጋት መሆናችንን አንክድም። ደንቡን የምንጠይቀውም ለራሳችን ሕይወት ብቻ ብለን አይደለም።

ስፋቱንም እንመልከት። ረድፉ 3.5 ሜትር ወርድ ቢኖረውና 1.7 ሜትር የሚሰፉ ሁለት ሚኒባሶች መሐል መሐሉን ይዘው ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ በመካከላቸው 1.8 ሜትር ክፍተት ይተርፋል። የሞተሩ መሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በግራም በቀኝም 50 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ በዝግታ ለሚያልፍ ሰው ይበቃል። 2.5 ሜትር የሚሰፉ ሁለት አውቶብሶች ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን የሚተርፈው 1 ሜትር ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ይቀራል ማለት ነው፤ እሱንም የአውቶብሶቹ ስፖኪዮ ይወስደዋል። ስለዚህ በሁለት ትልልቅ መኪኖች መሐል መግባት በማንኛውም ፍጥነት ክልክል ሊሆን ይገባል። ይህን የመሰለ ዝርዝር ለሞተረኛውም ለትራፊክ ፖሊሱም ተጽፎ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

በዚህ መሠረት የደረሰብንን በደል በቅደም ተከተል እናመለክታለን።

አንደኛ፣ ቁጥጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ አደባባይ ላይ በእጁ ምልክት ሰጥቶ የሚያሳልፈን ትራፊክ አለ፤ ቀጥሎ ባለው መብራት በዚያው አነዳድ እንቀጣለን። ቀስ ብሎ ያለፈውና በጩኸት የተሹለከለከው እኩል ሲቀጡም አይተናል። እንዲህ ሲሆን ጠንቃቃው ጥንቃቄው ምን እንደጠቀመው ይጠፋዋል፤ ደፋሩም የሚታረምበት ምክንያት አያገኝም።

ሁለተኛ፣ ሥልጠናው ለምንውልበት መንገድ አላዘጋጀንም። ብዙዎቻችን መንጃ ፈቃድ ያወጣነው ባዶ ሜዳ ላይ ተፈትነን ነው። በቆሙ መኪኖች መሐል መቼ መግባት፣ መቼ መተው፣ የትኛው መኪና ሊታጠፍ እንደሆነ ከፊት ጎማው አቅጣጫ እንዴት እንደሚታወቅ ያስተማረን የለም። የተማርነው ከመንገዱ ነው፤ መንገዱ ደግሞ አንዳንድ ጓደኞቻችንን አጉድሎብናል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአባቶች ምክር ለእኛ ሥራ በእርግጥ የሚሠራ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመኪና አሽከርካሪዎች በኩል የሚደርስብን አለ። ያለ ፍሬቻ ረድፍ የሚቀይሩ፣ ስፖኪዮ ሳያዩ በር የሚከፍቱ፣ ከጥግ ርቀው መሐል መንገድ ላይ ተሳፋሪ የሚያወርዱ አሉ። ከሁሉ የሚከፋው ሞተር ሲመጣ እያዩ ሆን ብለው መሪ አዙረው ክፍተቱን የሚዘጉት ናቸው። ለእነርሱ የአፍታ እልህ ነው፤ ለእኛ እግር ወይም ሕይወት የሚያስከፍል ነው።

አራተኛ፣ አሠሪዎቻችን የሚከፍሉን በደረሰው ዕቃ ቁጥር ነው። ትእዛዝ በደቂቃ ይቆጠራል፤ የዘገየ ሞተረኛ ክፍያው ይቀነስበታል፤ ቀጣዩ ሥራም ለሌላ ይሰጥበታል። ቅጣትም አደጋም ሲመጣ ግን የሚሸከመው ሞተረኛው ብቻ ነው። የሚያጣድፈው አካል የማይጠየቅ ከሆነ የሚጣደፈውን ብቻ መቅጣት አደጋውን አይቀንሰውም።

አምስተኛ፣ መንገዱ ራሱ ለሁለት ጎማ አልታሰበበትም። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ሲጥል በአስፋልት ላይ የተቀባው የረድፍ መስመር እጅግ ያንሸራትታል፤ በረድፍ መሐል የሚያልፍ ሞተር ደግሞ የሚሄደው እዚያው መስመር ላይ ነው። ክዳኑ የጎደለ ወይም የሰመጠ የፍሳሽ ጉድጓድ ለመኪና መንገጫገጭ ሊሆን ይችላል፤ ለሞተረኛ ግን መውደቅ ነው።

ክቡራን ሆይ፣ በረድፍ መሐል ማለፍ ቢፈቀድ ሥርዓት አልበኝነት ይበዛል የሚል ስጋት ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። በ2011 ዓ.ም ክረምት በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ምክንያት ሆኖ፣ ፈቃድ ካላቸው በቀር በከተማችን ሞተሮች እንዳይንቀሳቀሱ መታገዳቸው ይታወሳል። ጥቂቶች ባጠፉት ብዙዎች ከእንጀራቸው የተለዩበት ያ ጊዜ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ሥርዓት የሚያስይዘን ደንብ ሥራችንን የሚያስከብርልን መሆኑን ስለተረዳን ራሳችን ደንብ አምጡልን እያልን ነው። በረድፍ መሐል ማለፍ ዛሬም በየመንገዱ በየሰዓቱ ይደረጋል፤ ደንብ ማጣቱ አላስቀረውም፤ ያለ ልክ እንዲደረግ ብቻ ተወው።

ሌሎች አገሮችም ይህንኑ አይተው ልክ አበጅተውለታል። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከሐምሌ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዝግታ ማለፍን ፈቅዳ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳውን ትቀጣለች። የአሜሪካዋ ዩታ እ.ኤ.አ. በ2019 ስትፈቅድ መኪኖቹ የቆሙ፣ የሞተሩም ፍጥነት በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ እንዲሆን አድርጋለች። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በተመረጡ አካባቢዎች ለዓመታት ሞክራ፣ በጥር 2025 በአገር አቀፍ ሕጓ አስገብታዋለች። የእነርሱ መንገድ ከእኛ ይለያል፤ በእነርሱ ከተሞች ሰው እንደ መርካቶና እንደ መገናኛ በመኪኖች መካከል አይመላለስም። ስለዚህ ሕጋቸው እንዳለ ይቀዳልን አንልም። እንደ ፈረንሳይ በጥቂት መንገድ ተሞክሮ፣ ውጤቱ ታይቶ ይወሰንልን እንላለን።

ስለሆነም የሚከተሉት እንዲፈጸሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን፦

1. በአንድ አቅጣጫ ሁለትና ከዚያ በላይ ረድፍ ባላቸው በተመረጡ መንገዶች፣ መኪኖች ሲቆሙ ወይም ሲያዘግሙ ብቻ ሞተር በረድፍ መሐል እንዲያልፍ በሙከራ ይፈቀድ። ፍጥነቱ መኪኖቹ በቆሙበት ከ20፣ በሚያዘግሙበት ከ30 ኪሎ ሜትር አይብለጥ።

2. በአደባባይ ውስጥ፣ በዜብራ ላይ፣ በትምህርት ቤትና በታክሲ ተራ አካባቢ፣ እንዲሁም በሁለት አውቶብሶች ወይም የጭነት መኪኖች መሐል ማለፍ በግልጽ ይከልከል፤ የጣሰም ይቀጣ።

3. መብራት ባለበት መስቀለኛ፣ ከመኪኖች መቆሚያ መስመር ፊት ለሞተርና ለብስክሌት መቆሚያ ቦታ ይቀባ። ወደ ፊት ያለፈ ሞተረኛ ዜብራው ላይ እንዳይቆም ይረዳል።

4. ይህ አነዳድ በሞተር መንጃ ፈቃድ ሥልጠናና ፈተና ውስጥ ይግባ፤ የመኪና አሽከርካሪዎችም ሆን ብሎ ክፍተት መዝጋት ጥፋት መሆኑን በሥልጠናቸው ይማሩ።

5. የዕቃ ማድረስ ሥራ የሚያሠሩ ድርጅቶች የደቂቃ ገደባቸው ከተፈቀደው ፍጥነት ጋር የሚስማማ መሆኑ ይመርመር፤ በዘገየ ቁጥር ክፍያ መቀነስም ይከልከል።

6. ለሁሉም የትራፊክ ፖሊስ አባላት አንድ ዓይነት የአፈጻጸም መመሪያ ይሰጥ፤ ቅጣትም ሲቆረጥ ምክንያቱ ይጻፍ።

7. ሙከራው የሚደረግባቸው መንገዶች የጉድጓድ ክዳን አስቀድሞ ይስተካከል፤ የረድፍ መስመርም ሲታደስ በማያንሸራትት ቀለም ይቀባ።

እኛም በበኩላችን ግዴታ እንገባለን። ሄልሜት ሳናጠልቅና አገጭ ላይ ሳናስር አንነሣም፤ መብራታችንን ቀንም አብርተን እንነዳለን፤ ከፊታችን ያለው መኪና ዜብራ ላይ ከቆመ እኛም እንቆማለን፤ መኪኖቹ ፍጥነት መያዝ ሲጀምሩ ወደ ረድፋችን እንመለሳለን። በሙከራው ጊዜ ይህን የሚጥስ ከመካከላችን ቢገኝ እንዲቀጣ እንጂ እንዲማርልን አንለምንም። መመሪያው ሲረቀቅ ተወካዮቻችን ተገኝተው እንዲያስረዱ፣ የአካል ጉዳተኞችና የእግረኞች ድምፅም አብሮ እንዲሰማ እንጠይቃለን።

ይህ አቤቱታ ተመርምሮ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲገለጽልን እናመለክታለን። ጥያቄያችን ተቀባይነት የማያገኝ ከሆነም ምክንያቱ በዝርዝር ይነገረን፤ ምክንያቱን ካወቅን የጎደለንን አሟልተን እንደገና እናቀርባለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በአዲስ አበባ በሞተር ሳይክል ሥራ የምንተዳደር አመልካቾች