ዋጋ መቀነስ ያስከስሳል? የባቡርና የጀልባ ፍጥጫ በአሜሪካ

ለደንበኛ ዋጋ ቀነስክ ተብሎ መከሰስ አለ እንዴ? አሜሪካ ውስጥ ይሄ ጥያቄ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከፒትስበርግ አካባቢ ወደ ስቲልተን፣ ኬንታኪ የሚጓዝ ጭነት ነበር፤ የቀለጠ ብረት የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ። ከ1953 ጀምሮ ሥራውን ከሞላ ጎደል የያዙት ባርጅ የሚባሉት የወንዝ ጭነት ጀልባዎች ከከባድ መኪና ጋር ተቀናጅተው ነው። ዋጋቸው በቶን 5.11 ዶላር፣ የባቡሩ 11.86 ዶላር። በ1963 ግን ሁለት የባቡር ድርጅቶች ዋጋቸውን ወደ 5.11 አወረዱት። እኩል ለእኩል!

ጀልባዎቹ የጭነት ዋጋ ወደሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሚሽን አቤት አሉ። ክርክሩ አንድ ቃል ላይ ነበር፦ «ወጪ» ምንድን ነው?

👉 ይሄ ጭነት ስለተጨመረ ብቻ የሚመጣው ወጪ ከተቆጠረ፣ ባቡሩ 4.69 ዶላር ያወጣል። ስለዚህ ያተርፋል።

👉 የሐዲዱ፣ የጥገናውና የአስተዳደሩ ድርሻ ሲደመር ግን 7.59 ይሆናል። የጀልባና መኪናው ሙሉ ወጪ 5.19 ነው።

ሕጉም ሁለት ፊት ነበረው። የ1958ቱ ማሻሻያ ተፎካካሪን ለመጠበቅ ሲባል ብቻ የአንዱ ዋጋ ከፍ ብሎ እንዳይያዝ ይከለክላል፤ የእያንዳንዱ ማጓጓዣ የተፈጥሮ ብልጫ ይጠበቅም ይላል።

ኮሚሽኑ ሙሉ ወጪውን ቆጥሮ የባቡሩን ቅናሽ ሰረዘ። የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 «ስሌቱን መምረጥ የኮሚሽኑ ሥልጣን ነው» በሚል ውሳኔውን መለሰው። ጀልባዎቹ አሸነፉ።

ግን ነገሩ እዚያ አላበቃም። በ1976 ኮንግረሱ ሕጉን ቀይሮ፣ ተጨማሪ ወጪውን የሚሸፍን የባቡር ዋጋ «በጣም ዝቅ ብሏል» ተብሎ እንዳይታገድ አደረገ። በ1980 ደግሞ ለባቡሮቹ የበለጠ ነፃነት ሰጠ።

እኛ እንደምናየው ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ባቡሩ ሐዲዱን በራሱ ገንዘብ ይሠራል፤ ወንዙን የሚያስጠርገው ግን መንግሥት ነው፤ ጀልባዎቹ የነዳጅ ግብር መክፈል የጀመሩት በ1980 ነው። በሌላ በኩል፣ ጀልባው ከገበያ ከወጣ በኋላ 5.11 ተመልሶ 11.86 እንዳይሆን ማን ዋስ ይሆናል?

ስለዚህ «ዋጋ ቀነሰ» ሲባል ከማጨብጨባችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ወጪው እንዴት ተሰላ? ተፎካካሪው ሲጠፋስ?

እናንተ ዳኛ ብትሆኑ ለማን ትፈርዱ ነበር? 👇