ውጤት የመጣ ዕለት

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በከፋ ምድር ሁለት ነገር ይጠበቃል። አንደኛው የቡናው መቅላት ነው፤ ሁለተኛው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ነው። ቡናው ወራቱን ጠብቆ ይቀላል። ውጤቱ ግን ቀን የለውም። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤት የተነገረው በጥር 2015 ነበር፤ የ2015ቱ በመስከረም 2016 መጨረሻ መጣ፤ የ2016ቱ ከዘመን መለወጫ በፊት በጳጉሜን ደረሰ፤ የ2017ቱ ደግሞ በመስከረም 2018 መጀመሪያ ተሰማ። ስለዚህ ተማሪው ድንገት አንድ ምሽት «ወጥቷል!» የሚል ጩኸት ይሰማና ልቡ ይመታል። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን የምንነጋገረው ከዚያ ጩኸት በኋላ ስላሉት ቀኖች ነው።

በመጀመሪያ ስለዚያ ምሽት እንናገር። በቦንጋ ከተማ ያለ ልጅ በስልኩ ውጤቱን ቶሎ ያያል። በዴቻ ወይም በጨና ገጠር ያለው ግን መረቡ ስለማይደርሰው የፈተና መለያ ቁጥሩን ለሌላ ሰው ነግሮ ያስከፍታል፤ ውጤቱንም በሰው አፍ ይሰማል። በሰው አፍ የተሰማ ውጤት አይታመንም። ሰባት ያለው አንድ፣ ዘጠኝ ያለው ዜሮ ሆኖ ሊነገር ይችላል። እንግዲህ ተማሪው በማግሥቱም ቢሆን መንገድ ሄዶ ገጹን በገዛ ዓይኑ ይይ። ስሙ የእርሱ መሆኑን፣ ቁጥሩ የእርሱ መሆኑን፣ የየትምህርቱም ነጥብ መሙላቱን ይመልከት፤ ከዚያም በወረቀት አሳትሞ ያስቀምጥ። ፈተናው ስድስት ትምህርት ሆኖ ከ600 የታሰበ እንደሆነ ለማለፍ ግማሹ፣ ማለት 300 ያስፈልጋል። አንድ ትምህርት ባዶ ሆኖ የተገኘ እንደሆነ ወይም ስሙ የተሳሳተ እንደሆነ ተማሪው ጊዜ ሳያጠፋ ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ቅሬታውን ያቅርብ። የቅሬታው በር ለጥቂት ቀናት ብቻ ተከፍቶ ይዘጋልና አልቅሶ ሳምንት ያሳለፈ ሰው መብቱንም አብሮ ያሳልፋል።

በእነዚሁ ቀኖች ሌላ ዓይነት ሰው ብቅ ይላል። «በውስጥ የማውቀው አለ፤ ይህን ያህል ብር ብትሰጡኝ ነጥቡን አስተካክላለሁ» የሚል ነው። ልጁ የወደቀበት አባት በሬውን ሸጦ ቢሰጠው አይፈረድበትም፤ የጨነቀው ሰው ነውና። ነገር ግን መልሱ በመኪና የሚታረም ፈተና በገበያ ደላላ አይታረምም። ብሩም አይመለስም፤ በሬውም አይመለስም። ወላጆች ሆይ፣ ይህን የሚላችሁን ሰው ቡና ሳታፈሉ ሸኙት።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ነገር ለሁሉም ነው፤ ላለፈውም ለወደቀውም። ውጤቱ በመጣ በሦስት ቀን ውስጥ የሕይወት ውሳኔ አትወስኑ። ያለፈው በደስታ «ሕክምና ካልሆነ አልማርም» ብሎ ይምላል፤ የወደቀው በኀዘን ደብተሩን ያቃጥላል። ሁለቱም በሳምንቱ ይጸጸታሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለምን?

የወደቀው ልጅ የሚጎዳው በነጥቡ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም የሚጎዳው በኀፍረቱ ነው። ስለዚህ እስቲ ቁጥሩን በግልጽ እንየው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ነው። በ2015 ከመቶ 3.2 አለፈ። በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆነ። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። እንግዲህ ልጁ የወደቀው ብቻውን አይደለም። ትምህርት ቤት በሙሉ ሲወድቅ ጥያቄው የልጁ ስንፍና ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የእኛ የአስተማሪዎቹም፣ የመጻሕፍቱም፣ የቤተ ሙከራውም ጥያቄ ነው። ይህን የምለው ልጁ ራሱን ነጻ እንዲያወጣ አይደለም። ከጓደኞቹ ተደብቆ ጫካ ለጫካ እንዳይዞር ነው።

ስለ ሴት ልጆችም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ወንዱ ሲወድቅ በብዙ ቤት «ዘንድሮ ይድገም» ይባላል። ሴቷ ስትወድቅ ግን «ይበቃሻል፤ ዕድልሽ ይኸው ነው» ይባልና የሽማግሌ መምጣት ይጀመራል። ፈተናው አንድ፣ ነጥቡም አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሁለት ለምን ይሆናል? ለፈተናው ዝግጅት ወንዱ መብራት ሥር ሲቀመጥ እርስዋ ውሃ ስትቀዳ፣ ቆጮ ስትጋግር እንደ ነበረ ቤተ ሰቡ ያውቃል። በእኩል ሰዓት ያላጠናችው ልጅ በእኩል ነጥብ ብትወድቅ እንኳ ከወንድሟ የበለጠ የሚገባት ሁለተኛ ዕድል ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ።

300ና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ ቀጥሎ የሚጠብቀው ምርጫ መሙላት ነው። በአገራችን በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ምርጫ የሚባል ችግር አልነበረም፤ የነበረው ያ አንድ ኮሌጅ ነበርና። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። ለከፋ ልጅ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ በደጁ ነው፤ ጅማና ሚዛን ቴፒም ሩቅ አይደሉም። ምደባው የሚደረገው በነጥብ፣ በምርጫ ቅደም ተከተልና ዩኒቨርሲቲው በሚቀበለው ብዛት ነው። ስለዚህ ቅጹን ጓደኛ ስለሞላ ብቻ እንደ ጓደኛ አትሙሉት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ ወደዚያ የሚያስብ ማስታወቂያውን ለብቻው ይከታተል። ሕመም ያለበት ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ያለው ተማሪ ማስረጃውን በወቅቱ ካቀረበ ጉዳዩ በልዩ ሁኔታ ሊታይለት ይችላል፤ ከምደባ በኋላ «ቀይሩልኝ» ማለት ግን አስቸጋሪ ነው።

አንዳንድ ወላጅ «ከየት አምጥቼ ከፍዬ አስተምራለሁ?» ብሎ ልጁን ሊያስቀር ያስባል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ይገባል፤ ድርሻውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። ስለዚህ በመግቢያው ቀን የሚያስፈልገው የመሳፈሪያ፣ የደብተርና የኪስ ገንዘብ ነው እንጂ የመሬት ሽያጭ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲጠሩ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም የትምህርት ማስረጃውን ዋናውንና ቅጂውን ይዞ እንዲመጣ ያዛሉ። የቦንጋን ዝናብ የምታውቁ ሁሉ ማስረጃችሁን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሉ፤ በአንድ ዝናብ የአራት ዓመት ድካም የሚረግፍበት ጊዜ አለ።

ላለፉትም ቢሆን ይህን ልጨምር። በሩን ማለፍ ቤቱን መውረስ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ይሰጣል፤ የትምህርት ክፍሉም የሚገኘው በዚያ ዓመት በሚመጣው ውጤት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና አለ፤ እዚያም 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ጥሪው ድረስ ያለውን ጊዜ ሁሉ በጭፈራ አታሳልፉት። ቢያንስ እንግሊዝኛችሁን አንብቡ፤ ከአማርኛና ከካፊ ኖኖ ቀጥሎ የምትማሩበት ቋንቋ እርሱ ነው።

ከ300 በታች ያመጣው ተማሪስ? ለእርሱ አራት መንገድ አለው። እስቲ በየተራ እንመልከታቸው።

አንደኛው የአቅም ማሻሻያ ነው፤ ብዙዎቹ ሬሜዲያል ይሉታል። የ2014 ዓ.ም. ውጤት ከተነገረ ወዲህ ለማለፍ ጥቂት የጎደላቸው ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ተምረው እንደገና የሚፈተኑበት መንገድ ተከፍቷል። የመቁረጫው ነጥብ በየዓመቱ ይወሰናል፤ ስለዚህ ያምናውን ነጥብ ይዞ ተስፋ መቁረጥም ተስፋ ማድረግም ስሕተት ነው። የትምህርት ሚኒስቴርን ማስታወቂያ መጠበቅ ይገባል። ዕድሉን ያገኘ ተማሪ ግን ይወቀው፤ ይህ የዩኒቨርሲቲ ሕይወት ሳይሆን የሁለተኛ ፈተና ዝግጅት ነው። የተማሪ መታወቂያ በኪሱ ስለ ያዘ ብቻ አልፌአለሁ ያለ ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል።

ሁለተኛው ቴክኒክና ሙያ ነው። ወላጆች ይህን መንገድ እንደ ወደቀ ሰው መንገድ ያዩታል። ነገር ግን ከተማችን በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ መሥሪያ ቤት ሲበዛ ቤት ይሠራል፤ ቤት ሲሠራ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ በያጅና አናጢ ይፈለጋል። የውሽውሽ ሻይ እርሻም መኪና የሚጠግን እጅ አይጠላም። ዲግሪ ይዞ ቦዝኖ ከሚቀመጥ ሰው ሙያ ይዞ የሚሠራ ሰው ወላጁን አስቀድሞ ይጦራል።

ሦስተኛው የመምህርነት ኮሌጅ ነው። ቦንጋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት። ስለ ሙያው ጥቅም ብዙ ብናገር አስተማሪ ስለ ሆንሁ አድልዎ ይመስልብኛል፤ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ልጅ የሚጠላ ሰው ወደዚያ አይሂድ፤ ልጅ የሚወድ ግን እንደ ውድቀት አይቁጠረው።

አራተኛው በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ነው። ይህ መልካም የሚሆነው ለማን ነው? አንዱ ተማሪ 285 ያመጣል እንበል፤ ያወረደውም ሒሳብ ብቻ ነው። ይህ ልጅ በአንድ ዓመት አንድ ትምህርት ቢጠግን ያልፋል። ሌላው ደግሞ 170 ያመጣል፤ በስድስቱም ደካማ ነው። እርሱ በዚያው አኳኋን ዳግመኛ ቢፈተን ያንኑ ውጤት ያገኛል። እንግዲህ ልድገም ከማለት በፊት የየትምህርቱን ነጥብ በወረቀት ጽፎ «የጎደለኝ ምንድን ነው? ማንስ ያስተምረኛል? በቀን ስንት ሰዓት አለኝ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለሦስቱ ጥያቄ መልስ ያለው ይድገም። መልስ የሌለው የሚደግመው ፈተናውን ሳይሆን ኀዘኑን ነው። ደግሞም የለቀማው ወራት ከጥቅምት ጀምሮ ስለሚመጣ፣ ሊደግም ያሰበ ልጅ ከወላጁ ጋር ሰዓቱን ከወዲሁ ይስማማ፤ ቀኑን ለቡናው፣ ማታውን ለመጽሐፉ ሊከፍል ይችላል።

በመጨረሻ በየመሥሪያ ቤቱ ለምታገለግሉ ለወጣት ሠራተኞች አንድ ቃል አለኝ። ከገጠር የመጣው ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ውጤት የሚያየው በእናንተ ስልክ ነው፤ የሚያድረውም በእናንተ ክፍል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቃል የሚወጣው ከእናንተ አፍ ነው። «እኔ በአንተ ዕድሜ…» ብላችሁ አትጀምሩ። ራቱን አብሉት፤ አስተኙት፤ በማግሥቱ ነጥቡን አብራችሁ ቁጠሩ። ወደ አገር ቤት ስትደውሉም ለአባትና ለእናት ከውጤቱ ጋር መንገዱን ጨምራችሁ ንገሩ፤ «ወድቋል» ብሎ ስልክ መዝጋት ግማሽ ወሬ ነው። ከእናንተም መካከል ዲፕሎማ ይዞ ትምህርቱን ያቋረጠ ካለ፣ የማታውን ትምህርት ከታናሹ ጋር አብሮ ይጀምር፤ በአንድ መብራት ሁለት ሰው ማንበብ ይችላል።

ተማሪዎችም ይህን አስቡ። ያለፈው ተማሪ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥቶ አስተማሪዎቹን አመስግኖ ይሄዳል። የወደቀው ግን መንገድ ላይ ሲያየን ይሸሻል። እኛ የምንፈልገው ግን እርሱን ነው። ማስረጃውን የሚጽፍለት፣ ነጥቡን የሚያብራራለት፣ መጽሐፍ የሚያውሰው፣ የትኛው ኮሌጅ መቼ እንደሚመዘግብ የሚነግረው ሰው ያለው በዚያው በሚሸሸው ግቢ ውስጥ ነው። የምዝገባው ቀን ሳያልፍ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ።