የተሸነፈው መስመር

«ታሪኩ ንጹሕ ይሁን» ይላሉ የዘመናችን የሶፍትዌር ጠበብት። ንጹሕ ሲሉ ባዶ ማለታቸው እንዳይሆን ሰው ሊጠይቃቸው ይገባል።

ለማያውቀው አንባቢ፦ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት የተባለ መሣሪያ፣ ብዙ ሰዎች አንድን ፕሮግራም በየፊናቸው ጽፈው ኋላ እንዲያዋሕዱት ያስችላል። ውሕደቱን ሜርጅ ይሉታል። ሁለት ሰዎች አንዱን መስመር በተለያየ ቃል ከጻፉት ጊት አይፈርድም፤ ሁለቱንም ከላይና ከታች አድርጎ፣ በምልክት ለይቶ፣ «እናንተው ጨርሱት» እንደማለት ይቆማል። እስከዚህ ድረስ ጨዋ ዳኛ ነው። ሰውየው አንዱን ይመርጣል፣ ወይም ሦስተኛ ቃል ያወጣል፤ ምልክቶቹን አጥፍቶ ኮሚት ያደርጋል። በመዝገቡ የሚቀረው የመጨረሻው ጽሑፍ፣ የሁለቱ ወላጆቹ መለያና አጭር መልእክት ነው። በወላጆቹ በኩል የሁለቱም ወገን የቀድሞ ቃል ይገኛል። አንዱ ለሌላው ስለ ምን እንደ ተወ ግን ሰው ካልጻፈው የትም የለም።

ቀድሞ የተጋጩት ፋይሎች ስም እንኳ በመልእክቱ ግርጌ ይሰፍር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ዝርዝሩ እንደ ማስታወሻ ስለሚቆጠር፣ ሆን ብሎ ያላስቀረው ሰው ሳያውቀው ይጠፋበታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣው ትእዛዝ ውሕደቱን እንደ ገና ሠርቶ በሰው እጅ የተለወጠውን ያሳያል፤ መልካም፤ ምክንያቱን ግን ከየት ያመጣል?

የከፋው ደግሞ ይህ ነው። ለአንድ ፋይል የአንዱ ወገን ጽሑፍ እንዳለ ከተወሰደ፣ የዚያን ፋይል ታሪክ በተለመደው ትእዛዝ የጠየቀ ሰው የሌላውን ወገን ሥራ አያይም። ጊት አሸናፊውን ተከትሎ ያልፋል። የአንድ ሰው እርማት እንዲህ ተውጦ ሲቀር ስሙም አብሮ ይሰወራል።

«ስኳሽ» የሚሉትማ ሁለተኛውን ወላጅ ጭራሹን አይመዘግብም። ሰበባቸው ለንባብ ይቀላል ነው። እኛ ባንክ ቤት የምንውል ሰዎች በወረቀት መዝገብ ላይ የተሳሳተን ቁጥር በአንድ ሰረዝ እንሰርዛለን፤ የተሰረዘው ይነበባል፣ የሰረዘውም ይፈርማል። ፍቆ የጻፈ «ገጹ እንዲያምር ብዬ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? የአንድምታ መምህራንም «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ትርጓሜ ሲያመጡ ፊተኛውን አይፍቁም።

የምጠይቀው ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ በእያንዳንዱ የተጋጨ ውሕደት መልእክት ውስጥ የትኛው ቃል እንደ ተተወና ስለ ምን እንደ ተተወ ይጻፍ። ለዚህ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቦታው ዛሬም ክፍት ነው።