ዌብስተር ማን ነበረች?

እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት የተማርን ሁሉ «ዌብስተር» የሚለውን ስም ከመዝገበ ቃላት ሽፋን ላይ እናውቀዋለን። የአሜሪካዊው የኖህ ዌብስተር መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1828 ከታተመ ወዲህ ሰውዬው ሞቶ ስሙ ቀርቷል። ቃሉ ራሱ ግን በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሸማ የምትሠራ ሴት» ማለት ነበር። «ስተር» የሚለው መድረሻ የሴት ባለሙያን ያመለክት ስለ ነበር፣ «ባክስተር» ዳቦ ጋጋሪዋ፣ «ብሪውስተር» ደግሞ ጠማቂዋ ናት።

እንግሊዞች ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. አገራቸውን እስከ ወረሩ ድረስ ባብዛኛው የሚጠሩት በአንድ ስም ነበር። በኋላ ጆንና ዊልያም የሚባለው ሰው ሲበዛ፣ ግብር ሰብሳቢውም አንዱን ከሌላው መለየት ሲቸግረው፣ ሰውን በሥራው፣ በመንደሩ ወይም በአባቱ ስም መለየት መጣ። «ስሚዝ» ቀጥቃጭ፣ «ሂል» ኮረብታ አጠገብ የሚኖር፣ «ጆንሰን» የጆን ልጅ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን ገደማ ይህ ቅጽል ከአባት ወደ ልጅ የሚወርስ የቤተሰብ ስም እየሆነ ሄደ። በዚያን ጊዜ «ስተር» የሴትነት ትርጉሙን እያጣ፣ ወንዱም በዚያው ይጠራ ስለ ነበር፣ ዌብስተር የተባለ ሁሉ የሸማኔ ሴት ዘር ነው ማለት አይደለም።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከሴት ጉልበት የተወለደው ስም በወንድ በኩል ብቻ የሚተላለፍ ሆኖ ቀረ። የዌብስተር ልጅ ስታገባ ያንን ስም አባቷ ደጃፍ ትታው ትሄዳለች። በእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ባልና ሚስት እንደ አንድ ሰው ይቆጠሩ ነበር፤ ያ አንድ ሰው ደግሞ ባልየው ነው። እስከ 1882 እ.ኤ.አ. ሕግ ድረስ የሚስት ንብረት በአመዛኙ በባሏ እጅ ነበር። ስሟን እንድትለውጥ ያስገደዳት ሕግ ግን አልነበረም፤ ልማዱ በቂ ነበር።

«የኛ አገር ሴት አግብታም በአባቷ ስም ትጠራለችና ምን ቸገረን?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚባለውን ወደ አገራችን ለማስገባት ሞክሮ ነበር፤ ሕዝቡ አልተቀበለውም። ያው ሕግ እንኳ ያገባች ሴት የራሷን ስም እንደያዘች ትቆያለች ይላል። ይህ ልማድ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የአይስላንድ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር የአባታቸው ስም ፊንቦጊ ነው፤ «ዶቲር» ማለት «ሴት ልጅ» ነው።

ነገር ግን ወደ ምሥራቅ ጎጃም እንውረድ። የሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ዘመን የተከሉት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ በክርስትና ወለተ ጊዮርጊስ፣ በዙፋን ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ይባሉ ነበር፤ ለአንዲት ሴት ሦስት ስም መሆኑ ነው። ጎጃምን የገዙት የወለተ እስራኤል ልጅ ራስ ኃይሉ ሲጠሩ ኃይሉ ዮሴዴቅ ይባላሉ፤ ዮሴዴቅ አባታቸው ናቸው። ደብር የተከሉት እናት በልጃቸው ስም ውስጥ የሉም።

ቢቸና ደግሞ የአርበኛው የበላይ ዘለቀ አገር ነው። በላይ በጀግንነቱ «አባ ኮስትር» ተባለ፤ የመጀመሪያ ስሙ ግን አልጠፋም፣ ተጨመረበት እንጂ። ሴቷ ሁለተኛ ስም የምታገኘው በሌላ መንገድ ነው። ሙሽራ ሆና ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች። ስሙ ብዙ ጊዜ ያማረ፣ የፍቅርም ነው፤ እኔም አልጠላውም። ችግሩ አዲሱ ስም አሮጌውን መዋጡ ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ልጅ ሲወለድ ያም ይቀርና «የእገሌ እናት» ትሆናለች።

ይህ የቡና ላይ ወሬ ብቻ አይደለም። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። ትልቅ እርምጃ ነው። ታዲያ ደብተሩ ላይ በሙሽርነት ስሟ የተጻፈች እናት መታወቂያዋ በልጅነት ስሟ ከሆነ፣ ስትፋታ ወይም ስትሞት፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ የሚንከራተቱት ራሷ ወይም ልጆቿ ናቸው።

ልጅ ይዛ ወደ ውጭ የምትጓዝ እናትም ሌላ ጣጣ አለባት። ለምሳሌ ልጅቱ ትዕግሥት በላይነህ አየለ፣ አባቷ በላይነህ አየለ ታምሩ፣ እናቷ እናኑ ጥላሁን ደምሴ ናቸው እንበል። የውጭ አገር ቅጽ የአያትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ሲወስድ አንዱ ቤተሰብ አየለ፣ ታምሩና ደምሴ የተባሉ ሦስት ቤተሰቦች ሆኖ ይወጣል። ጠያቂው «ልጅቱ የአንቺ ናት?» ይላል። ዘጠኝ ወር የተሸከመች እናት ለዚህ ጥያቄ ወረቀት ታወጣለች።

ያ ወረቀት የልደት ምስክር ወረቀት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ልጃችሁን ስታስመዘግቡ የአባትየው ስም ሲጻፍ ማንም አይሳሳትም። «የእናት ስም» ከሚለው ላይ ስትደርሱ ግን የቤት መጠሪያችሁን አትናገሩ፤ መታወቂያችሁን አውጥታችሁ በዚያ ላይ እንዳለው ከነአባታችሁና ከነአያታችሁ፣ ፊደሉ ሳይለወጥ ይጻፍ። «ሥ»ን በ«ስ»፣ «ኃ»ን በ«ሀ» ጽፎ የሚሰጥ ጸሐፊ ካለም ሳታፍሩ እንዲያርመው ጠይቁት። መዝጋቢው ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ፤ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት።