ሞተሩ ቆመ፤ ዕዳው ግን አልቆመም

በፎገራና አካባቢዋ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ውሃ ስበው በበጋ ሽንኩርት የሚያለሙ አርሶ አደሮች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ የውሃ መሳቢያ ሞተር ተበድሮ የሚገዛው፣ ሞተሩ በወሩ ቢቆምበት ማሳው ይደርቃል፤ ወለዱ ግን መቁጠሩን ይቀጥላል። በሻጩ ተናድዶ ለአበዳሪው ክፍያ ማቆም አያዋጣም፤ ሽያጩ ሌላ፣ ብድሩ ሌላ ውል ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ከዚህ የተሻለ ዋስትና በውል ከተሰጠው እሱ ይጸናለታል።

ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። በኅዳር የተገዛ ሞተር ቤት ውስጥ ተሸፍኖ ከርሞ በታኅሣሥ መጨረሻ ሲነሳ 15 ቀኑ አልፏል። ሌላም ቀዳዳ አለ። አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ስለሆነ ነጋዴው “ሞተር የማምረቻ ዕቃ ነው” ብሎ ሊከራከር ይችላል። ያኔም ቢሆን ገዢው ባዶ እጁን አይቀርም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለዕቃው ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል። ገዢው ግን ዕቃውን ሳይዘገይ መመርመርና ጉድለቱን ወዲያው ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ካሳወቀ በኋላም በ1 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ መብቱን ያጣል።

ስለዚህ ሞተሩ በተገዛበት ዕለት እዚያው ሱቁ ደጃፍ ይነሳ፣ ውሃ ሲስብም ይታይ። ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው፤ የሞተሩ መለያ ቁጥርም እዚያው ላይ ይጻፍ። “ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ” የሚል ነጋዴ የቀነሰው ማስረጃውን ነው። ብልሽት ሲታይ አቤቱታው ቀን ተጠቅሶበት በጽሑፍ ይሰጥ፤ ግልባጩ ገዢው እጅ ይቅር።

የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤቶችም አቤት ባዩን “ፍርድ ቤት ሂድ” ብለው ከመሸኘታቸው በፊት ሻጩን ጠርተው ያነጋግሩ። የብድር ተቋማትስ? ለሞተር የሚሰጡትን ገንዘብ መስኖው ሊጀመር ሲል ቢለቁት ሞተሩ በተገዛ ማግስት ማሳ ላይ ይፈተናል። የግብርና ባለሙያዎችም ስለ ዘርና ማዳበሪያ በሚያስረዱበት ስብሰባ ላይ ስለ 15ቱ ቀናት ለመናገር አምስት ደቂቃ አያጡም።