ከወለሉ ሥር ያለው ውሃ

ባለፈው ክረምት እዚሁ ቤር ሼቫ፣ ሽኹና ዳሌት ምድር ቤት ከሚኖሩ አንዲት እናት ዘንድ ቡና ልጠጣ ገባሁ። የሳሎኑ ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል፤ ቀለሙ ተልጦ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ሽታውን ለመሸፈን ዕጣን አጭሰዋል።

ሦስት ጊዜ ቀለም አስቀብተዋል። ሊያይ የመጣው ባለሙያ ደግሞ «ወጥ ስለምታበዙ ነው፣ እንፋሎቱ ነው» ብሏቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ እትዬ በዚያ ብርድ ወጥ የሚሠሩት በረንዳ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣም ያፍራሉ። እኔን የከፋኝ ከሻጋታው ይልቅ ይሄ ነው።

የወጥ እንፋሎት እኮ ወደ ላይ ነው የሚወጣው! እሱ ሲያበላሽ ጣሪያውን፣ የመስኮቱን ጥግ፣ የቁም ሳጥኑን ጀርባ ነው። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር የሚተፋ እርጥበት ግን ከመሬት የመጣ ነው።

ብዙዎቹ የከተማችን አሮጌ ሕንፃዎች ከምድር ቤቱ ወለል ሥር ሰው ተንበርክኮ የሚገባበት ባዶ ቦታ አላቸው። የውሃውና የቢዩቩ ቧንቧ የሚያልፈው በዚያ ነው። ከሕንፃው ጀርባ ትንሽ በር አለችው፤ ማንም አይከፍታትም። የእትዬ ሕንፃ በር ሲከፈት የቢዩቩ ቧንቧ ተሰብሮ ተገኘ። የአራት ቤት እጣቢ ስንት ወር እዚያ ሲፈስ ኖሯል።

«ቤር ሼቫ በረሃ ናት፣ ምን ውሃ አላት?» እንላለን። እውነት ነው፣ በዓመት የሚዘንበው 200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ጎንደር ከ1,000 በላይ ያገኛል። አገር ቤት ክረምት ሳይገባ በቤታችን ዙሪያ ቦይ እንቆፍር ነበር። እዚህ ሰማዩ ደረቅ ሲሆንብን ተዘናጋን። ደግሞ የዚህ አገር አፈር ሌስ የሚባለው ነው፤ ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አቧራ ሲከማች የኖረ። ደረቅ ሳለ ጠንካራ ነው፣ ሲርስ ግን ይሰምጣል። ስለዚህ ነገሩ የቀለም ብቻ አይደለም፤ ወለል ይሰነጠቃል፣ በር አልዘጋ ይላል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዝጉ፣ የልብስ ማጠቢያውም አይሥራ። የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉና ከአንድ ሰዓት በኋላ እዩት። ከተንቀሳቀሰ የንጹሕ ውሃ ቧንቧ እያፈሰሰ ነው። ካልተንቀሳቀሰና እርጥበቱ ካለ ቢዩቩን ጠርጥሩ፤ እጣቢ በቆጣሪ አያልፍምና። የማዝጋኑ ውሃ የሚንጠባጠበው የቤቱ መሠረት ላይ እንዳይሆንም ተመልከቱ። ጤና አዳሙንም (እኔም ጥፋተኛ ነኝ) ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ፤ በየማታው የምናጠጣው ውሃ ወደ ቤቱ ሥር ነው የሚሰርገው። የወለሉ ሥር መተንፈሻ ቀዳዳዎች ደግሞ አይደፈኑ። አይጥ ካስቸገረ በሲሚንቶ ሳይሆን በሽቦ ወንፊት ይሸፈኑ፤ አየር ካላለፈ አፈሩ አይደርቅም።

እባካችሁ የልጅ ልጅ ወደዚያ ጉድጓድ አታስገቡ። ኤሌክትሪክ አለ፣ የፍሳሽ መጥፎ አየር አለ። ኢንስታላቶር ይግባ። ቧንቧው የሕንፃው የጋራ ከሆነ ጉዳዩ የቫዓድ ባይት ነው፤ የእናንተን ቤት ብቻ የሚያገለግል ከሆነ የባለቤቱ ነው። የመንግሥት ቤት ተከራይ ከሆናችሁ ለሚያከራያችሁ ድርጅት አመልክቱ። መንገድ ላይ ቢዩቭ ከፈሰሰ 106 ደውሉ። የተደበቀ ቧንቧ ፈንድቶ የውሃ ሂሳብ ካበጠባችሁ ደግሞ የኢንስታላቶሩን ደረሰኝ ይዛችሁ ሜይ ሼቫን ቅናሽ ጠይቁ። በስልክ ብቻ አትለፉት፤ ልጅ በዕብራይስጥ ይጻፍላችሁ፣ ቀንና ፎቶ ይኑረው፣ አንድ ቅጂ እናንተ ዘንድ ይቅር።

የእትዬ ቧንቧ ተቀይሯል። ግድግዳው እስኪደርቅ ቀለም እንዳያስቀቡ ነግሬያቸዋለሁ፤ ወራት ይፈጃል፣ እስካሁንም አልደረቀም። ወጡን ግን ወደ ኩሽና መልሰውታል።