አሸዋ ላይ የሚፈስ ገንዘብ

ጅቡቲ ቢሮ ከፍቶ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ወይም ትራንዚተር ግቢ ያለው ቤት ሲያገኝ ቶሎ ከሚያምሩት ነገሮች አንዱ ጓሮ ነው። አገር ቤት እንደለመደው ጥቂት ቆስጣ፣ ጥቂት ቲማቲም፣ ዳር ዳሩን ቃሪያ። ምኞቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ገንዘቡ የሚወጣው በተገላቢጦሽ መሆኑ ነው፤ መጀመሪያ ማዳበሪያ ይገዛል፣ ቀጥሎ አፈር በመኪና ይጫናል፣ በመጨረሻ ተስፋ ይቆረጣል። ይህ ጸሐፊ የሚናገረው ከሰማው ሳይሆን ከከሰረበት ነው።

ከባሕሩ ብዙም ባልራቀ ግቢ ውስጥ 10 ካሬ ሜትር መደብ አወጣሁና ዩሪያ በተንኩበት። ቆስጣው አንድ ሳምንት ለመለመ፣ በሦስተኛው ሳምንት ገረጣ። ደገምኩለት፤ የቅጠሉ ጫፍ ተቃጠለ። ቀጥሎ አንድ መኪና ቀይ አፈር አስመጥቼ በአሸዋው ላይ አነጠፍኩ። ውሃው ከላይ ረጋ፣ ፀሐይ ሲመታው እንደ ጡብ ተሰነጣጠቀ። ለዚያ አፈር የከፈልኩት ኪራይ የስንት ዓመት ቆስጣ ይገዛ እንደነበር አስልቼ አላውቅም፤ ማስላትም አልፈልግም።

ነገሩ የገባኝ እንደ ነጋዴ ሳስበው ነው። አሸዋ ድሃ ከመሆኑ ይልቅ ቀዳዳ መሆኑ ይብሳል። የተቀደደ ጆንያ ውስጥ እህል የሚጨምር ሰው የሚጎድለው እህል ሳይሆን መርፌና ክር ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ካሬ ሜትር አሸዋ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ተክል ሊጠቀምበት የሚችል ውሃ የሚይዘው በግምት 20 ሊትር ነው። ጥሩ የእርሻ አፈር የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ይይዛል። በዚያ አገር ሙቀት በቀዝቃዛው ወራት እንኳ ያደገ ተክል ያለበት አንድ ካሬ ሜትር በቀን 4 ወይም 5 ሊትር ያጣል። እንግዲህ በሳምንት አንድ ቀን 40 ሊትር ያጠጣ ሰው ግማሹን ከሥር በታች አፍስሶታል፤ የቀረውም አራትና አምስት ቀን ቢቆይ ነው። የፈሰሰው ውሃ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ የተበተነውን ዩሪያ ይዞ ይወርዳል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ለብስባሽ ነው። ለ10 ካሬ ሜትር መደብ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብስባሽ ግማሽ ሜትር ኩብ፣ ማለትም ስምንት አሥር ጆንያ ነው። ይህንን ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ጋር መቀላቀል ነው። ጥሬ ዕቃው ደግሞ ጅቡቲ ውስጥ ሞልቷል። የፍየልና የበግ ፍግ አለ። ከሁሉም በላይ ግን ገረባ አለ። ከአገራችን በየቀኑ የሚገባው ጫት ቅጠሉ ተቅሞ ሲያበቃ ገረባው ቆሻሻ ላይ ይጣላል። የውጭ ምንዛሪ ያመጣልን ጫት ጓሮም ሊያለማ ሲችል ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ገረባውን ከፍግ ጋር ደራርቦ፣ እርጥበቱን ጠብቆ፣ እያገላበጡ ሦስት ወር ያህል ማብላላት ነው። ጥሬ ፍግ ጨው አለበት፤ ችግኝም ያቃጥላል። የባሕር ሣር የሚጨምርም በንጹሕ ውሃ አጥቦ ይሁን። አመድ ግን ይቅር። ከዛጎልና ከኮራል የተፈጨ አሸዋ ኖራው ራሱ ተርፎታል፤ አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሲቀር ያየ ሰው ምክንያቱ ይኸው ኖራ ሊሆን እንደሚችል ይወቅ።

ይህ ወጪ አንድ ጊዜ ከፍለው የሚገላገሉት አይደለም። በሙቀት አገር ብስባሽ ቶሎ ያልቃልና በየወቅቱ መጨመር አለበት። የሥራ ማስኬጃ እንጂ የማቋቋሚያ ወጪ አይደለም።

ሁለተኛው ብር ለውሃ አሰጣጥ ነው። ጥቂት ጥቂት፣ በየቀኑ፣ ማለዳ። ቀጭን የጠብታ ቱቦ የገዛ አልተሞኘም፤ ላዩን በደረቅ ሣር ወይም በገረባ ጉዝጓዝ ያለበሰም እንዲሁ። የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ከሆነ ግን አልፎ አልፎ በብዛት አጠጥቶ ጨውን ወደ ታች ማውረድ ያስፈልጋል። ቀዳዳነቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አሸዋ ጨውንም አይዝም።

ሦስተኛው ምርጫ ነው። ቀይ ሥርና ቆስጣ ጨው ይችላሉ፣ ቲማቲም በመጠኑ ይታገሣል፣ ፎሶሊያ፣ ካሮትና ሽንኩርት ግን ቶሎ ይጎዳሉ። ወቅቱም ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። በበጋው ንዳድ ቲማቲም አፈራለሁ ብሎ መሟገት ከፀሐይ ጋር መጣላት ነው፤ ያኔ መደቡን አልብሶ ማሳረፍ ይሻላል።

«ከድሬዳዋ የሚመጣ ቲማቲም እያለ ምን አደከመህ?» የሚለኝ ወዳጅ አለ። እውነት ነው፤ የጅቡቲ ገበያ አትክልቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከእኛ ነው፤ ጓሮም ያንን ንግድ አይተካም። ሽንኩርትና ድንች መንገድ ይችላሉ። ቅጠል ግን መንገድ አይችልም። መንገዱም ራሱ ይዘጋል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር በሶማሌ ክልል ተቃዋሚዎች የጅቡቲውን አውራ ጎዳናና ባቡር ሲዘጉ አይተናል። ጓሮ ለእንዲህ ያለው ቀን የመጠባበቂያ ዕቃ ነው።

ይሁን እንጂ ጓሮው ያማረለት ሰው «ለምን ከባሕሩ ዳር መሬት ይዘን በሰፊው አናለማም?» ማለቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ይህ ጸሐፊ እጁን አያነሣም። የጅቡቲ ከተማ የከርሰ ምድር ውሃ ከሚተካው በላይ እየተቀዳ የባሕር ውሃ እየገባበት ጨዋማነቱ መጨመሩ የታወቀ ነው፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሃ ከሶማሌ ክልል በቧንቧ እንዲሄድ የተደረገውም በውሃ እጥረት ምክንያት ነው። በጓሮ ውስጥ በቀን 50 ሊትር የሚጠጣ መደብ ማንንም አይጎዳም። በፓምፕ ቀንና ሌሊት የሚሳብ ጉድጓድ ግን የራሱንም የጎረቤቱንም ዋና ገንዘብ ይበላል። ጨው የገባበት ጉድጓድ እንደ ከሰረ ተበዳሪ ነው፤ ተመልሶ እስኪከፍል የአበዳሪው ዕድሜ አይበቃም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። 10 ካሬ ሜትር ይበቃል። ማዳበሪያ ከመግዛትዎ በፊት ገረባ ይሰብስቡ፤ አፈር ከማስጫንዎ በፊት ቀዳዳውን ይድፈኑ። አክሲዮን ማኅበሩን ግን ይተዉት።